የኢርፋን ቁራጭ በሰብሪያ ደም ውስጥ

የተማረ ሰው አልወድም። ይህን ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል፤ ኋላ ሳመሰግን አንባቢ ‹‹ይሄ ሰውዬ ወረቀት ላለው ሁሉ የሚያጎበድድ ነው›› እንዳይለኝ። ይገዙ እባላለሁ። ኮልፌ ውስጥ የብረት በርና መስኮት እበይዳለሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ሚኒስትሪ በወደቅሁ ጊዜ የሒሳብ አስተማሪያችን ውጤቴን በክፍሉ ሁሉ ፊት ካነበበ በኋላ ‹‹አንተ እንኳ ለብረት ነው የተፈጠርከው›› አለኝ፤ ክፍሉ ሳቀ። ይኸው ብረት ላይ ነኝ፤ ሳቁ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ኋላም እናቴ ታማ ሆስፒታል ይዣት ስገባ፣ ምን ነክቷት እንደሆነ አንድ ወጣት ሐኪም ብጠይቀው እርምጃውን እንኳ ሳይገታ ‹‹ብነግርህም አይገባህም›› ብሎኝ አለፈ። እናቴ አረፈች። ምን እንደገደላት ዛሬም አላውቅም። እንግዲህ የሚቀጥለውን የሚተርከው እንዲህ ያለ ቂመኛ ሰው መሆኑን አውቃችሁ ስሙኝ።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቀራንዮ የሚሄድ ታክሲ ፌርማታው ላይ ቆሜ ስጠብቅ ዝናቡ ባንዴ ወረደ። ሰልፉ ተበተነ። እኔም ኮቴን ራሴ ላይ ጥዬ እየሮጥሁ የሐጂ ሽኩር ሱቅ ሸራ ሥር ገባሁ።

ሐጂ ሽኩር ፍራሽ ሠሪ ናቸው። ከየስፌት ቤቱ የሚጠረገውን ቁርጥራጭ ጨርቅ በጆንያ እየሰበሰቡ፣ ለይተውና አበጥረው ፍራሽና ትራስ ይሞሉበታል። የሱቃቸውን በር የሠራሁላቸው እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ሳይንጋደድ ቆሟል።

‹‹ግባ፣ ግባ ይገዙ! በርህ ናፍቆህ ነው ወይስ ዝናቡ አባሮህ?›› አሉኝ፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጆንያ ውስጥ ነበር።

ሐጂ በሰፈሩ በአንድ ነገር ይታወቃሉ። ከጆንያው አንድ ጭብጥ ያወጡና የትኛው ስፌት ቤት ምን እየሰፋ እንደሆነ ቁጭ ብለው ይነግሯችኋል። ያን ዕለትም ሰማያዊ ቁራጭ አወጡና ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት።

‹‹ይኸውልህ። ቴትሮን። የልብስ ሰፊው የአምላኩ ነው። መቀሱን ስለማያስል ጨርቁን አይቆርጠውም፣ ያኝከዋል። ዩኒፎርም ጀምሯል። ያለፈው ሳምንት ከእሱ ቤት የሚመጣው ጆንያ አይሞላም ነበር፤ አሁን ይፈሳል። ደጁን ሳልረግጥ ሥራ እንደበዛበት አውቄያለሁ።›› ቀጥለው ነጭ ሳቲን መዘዙ። ‹‹ይቺ ደግሞ የብርቱካን ናት። ሠርግ ይዛለች።››

‹‹ሐጂ፣ ይሄ ነገርዎ እኮ ወደ ጥንቆላ ያደላል›› አልኳቸው።

‹‹አስተግፊሩላህ! ጨርቁ ነው የሚናገረው። የኔ ሥራ ማዳመጥ ነው።››

ይህን ሲሉ የኑሕ ልጅ ዊዳድ፣ ነፋስ የገለበጠውን ጃንጥላዋን እየታገለች ከሸራው ሥር ገባች። ዊዳድ የሐጂ የግቢ ጎረቤት ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች፤ ሆስፒታል ውስጥ በደም ላይ በሚካሄድ አንድ ጥናት ትሠራለች። እንዳየኋት ፊቴን ወደ ዝናቡ አዞርኩ።

‹‹አሰላሙ ዐለይኩም ሐጂ። ጋሽ ይገዙ፣ እንደምን ዋሉ? ሐጂ፣ ሰብሪያ አለች?››

‹‹ወዐለይኪ ሰላም። ጓዳ ናት፤ የፍራሽ ልብስ ትሰፋለች። ምነው?››

‹‹ለደም ምርመራ ሳትመጣ ቀረች። ያለፈውም ቀጠሮ እንዲሁ አልፏታል። ስልኳን አታነሳም። ሐኪሟ በጣም አስባለች።››

ሰብሪያ የሐጂ ሴት ልጅ ናት። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመው በማሽን ደሟን እያሳጠበች ስትንገላታ ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። በመጨረሻ ታላቅ ወንድሟ ኢርፋን፣ በሳንሱሲ መስመር ሚኒባስ የሚነዳው፣ አንዱን ኩላሊቱን ሰጣት። ከዚያ ወዲህ እንደ ሰው ትበላለች፣ ትሠራለች፣ ትስቃለች። ሁለተኛ ወንድም የላትም፤ ሁለተኛ የሚሰጣትም የለም።

ሐጂ እጃቸውን ከጆንያው አወጡ። ‹‹ስሚ ልጄ። ከዚች ልጅ የቀዳችሁት ደም ቢጠራቀም በርሜል ይሞላል። ደም አቅም ነው። ታማ ሳለች ቅዱ፣ ግድ ነው። ዛሬ ግን አልሐምዱሊላህ ደህና ናት። ሰላም ያለበትን ቤት ምን ታንኳኪያለሽ? በሽታን የፈለገ ያገኘዋል።››

እኔ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ነገሩ የኔ አልነበረም። አፌ ግን አላስችል አለው። ‹‹እውነታቸውን ነው። እናንተ ደም ትወስዳላችሁ፤ ለቤተሰቡ የምትመልሱለት ‹ደህና ነው› የምትል አንዲት ቃል ናት። ቀሪውን ለራሳችሁ በእንግሊዝኛ ታወሩታላችሁ።››

‹‹ጋሽ ይገዙ፣ ዛሬ ደግሞ በየትኛው ተማሪ ተናደው ነው የመጡት?›› አለች ፈገግ ብላ። ወደ ሐጂ ዞረች። ‹‹ሐጂ፣ ደህና መሆኗን በምን አወቁ?››

‹‹በዓይኔ! ባለፈው ኩላሊቷ ሲለካ ደህና ተብሏል። ፊቷ ፈክቷል። እጇ እንኳ ተሻላት።››

‹‹እጇ ምን ሆኖ ነበር?››

‹‹ይንቀጠቀጥ ነበራ! ከኪኒኑ ነው። ልብስ ሰፊ ልጅ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷት ስታለቅስ የአባት ሆድ ምን ይላል? የማታውን ኪኒን ካስቀረን ወዲህ እጇ ጸጥ አለ። በምትኩ ጥቁር አዝሙድ በማር አደርግላታለሁ።››

ዊዳድ ጃንጥላዋን መሬት ላይ ጣለችው። ‹‹ምን አስቀራችሁ?››

‹‹የማታውን። የጠዋቱን ትውጣለች።››

‹‹ከመቼ ጀምሮ? ሐጂ፣ በአላህ! ለሐኪሟ ነግራችኋል?››

‹‹ለምን እነግራለሁ? ይጮሁብኝ ብዬ?›› ድምፃቸው ከፍ አለ። ‹‹አንቺ ራስሽ ፍረጂ። መድኃኒት ቤቱን ‹ይሄ ኪኒን ምን ይሠራል› ብለው ‹በሽታ የመከላከል አቅምን ዝቅ ያደርጋል› አለኝ። ዝቅ ያደርጋል! በኮሮና ጊዜ መከላከያችሁን አጠናክሩ ተብሎ ያልጠጣነው ዝንጅብል፣ ያላኘክነው ነጭ ሽንኩርት አለ? አሁን ደግሞ የልጄን መከላከያ የሚያደክም ነገር በገዛ እጄ ላጉርሳት? የቤቱን ዘበኛ በኪኒን የሚያስተኛ አባት የት አይተሻል?››

እውነቱን ልናገር፣ ነገራቸው አንጀቴን አራሰው። የሚመልስ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ዊዳድ ግን መለሰች። ‹‹ዘበኛው ኢርፋንን አያውቀውም ሐጂ። እሱ እኮ ነው ጣጣው። ዘበኛው ጎበዝ ነው፤ ሌባ ይይዛል፣ ጉንፋን ያባርራል። ግን በቤቱ ውስጥ አንድ እንግዳ አለ፤ የኢርፋን ኩላሊት። ዘበኛው እንግዳውን ባየው ቁጥር ዱላውን ያነሳል። ኪኒኑ ዘበኛውን ሙሉ በሙሉ አያስተኛውም፤ ‹ይሄኛውን ተወው› እያለ ክንዱን ይይዝልናል። እርስዎ የማታውን ኪኒን ሲያስቀሩ ክንዱን ለቀቁት።››

‹‹እንግዳ?›› ሐጂ ተነሡ። ‹‹ኢርፋን ለሰብሪያ እንግዳ? በአንድ ማህፀን ያደሩ፣ አንድ ጡት የጠቡ ልጆች! ደም ደሙን ይክዳል ነው የምትይኝ? ይሄ የፈረንጅ ወሬ ነው!››

‹‹ሰውነት ዘር ማንዘር አይቆጥርም ሐጂ። እናቱን ቢተክሉበትም ምልክቷን አይቶ ይመታታል። ዝምድናው ቢረዳ ትንሽ ያለዝበዋል እንጂ አያስታርቀውም።››

‹‹ታዲያ እየተመታ ከሆነ ባለፈው ለምን ደህና ተባለ?››

‹‹እሱ የሚለካው ክሬአቲኒን የሚባለውን ነው፤ የማጣራት መጠኑ ከተወሰነ ደረጃ በታች ሲወርድ...››

‹‹ይኸው ጀመራት!›› አልኩ፤ ስጠብቀው የነበረ ነገር መጣ። ‹‹ተይው ልጄ፣ አትድከሚ። ብትነግሪንም አይገባንም አይደል?››

ዊዳድ አየችኝ። የሚቆጣ ዓይን አልነበረም። ‹‹ካልገባዎት የተበላሸው አነጋገሬ ነው ጋሽ ይገዙ። እስኪ እንደገና ልሞክር›› አለች።

አንባቢዬ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ከተማረ ሰው አፍ ለመስማት ስንት ዓመት እንደጠበቅሁ አታውቁም። የሐጂን በር ማጠፊያ እንደ አዲስ መመርመር ያዝኩ።

ዊዳድ እንደ ልጅነቷ ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። ሰማያዊዋን ቁራጭ ከመሬት አነሳች።

‹‹ሐጂ፣ ይቺ የማን ናት?››

‹‹የአምላኩ ናታ።››

‹‹ምን እየሰፋ ነው?››

‹‹ዩኒፎርም።››

‹‹ሥራ በዝቶበታል ወይስ ቀንሶበታል?››

‹‹በዝቶበታል። ምን ትመረምሪኛለሽ?››

‹‹ቤቱ ሳይሄዱ፣ እሱን ሳያናግሩት፣ በሩን ሳይከፍቱ ይሄን ሁሉ ያወቁት ከጥራጊው ነው አይደል? እንግዲህ የኛም ሥራ እሱ ነው። እኔ የደም ጥራጊ ነው የማነበው።››

ሐጂ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

‹‹ሰውነታችን ለዓይን በማይታዩ ሕዋሳት የተሠራ ነው›› አለች ዊዳድ። ‹‹በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚባል ረጅም ክር ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ሰውዬው እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈው እሱ ላይ ነው። ሕዋሱ አርጅቶ ሲሞት ወይም ሲገደል ክሩ ይበጣጠሳል። ቁራጩ ወደ ደም ይወድቅና ከደሙ ጋር ይዞራል። ብዙም አይቆይም፤ ጠዋት የወደቀው ማታ አይገኝም፣ ሰውነት ይጠርገዋል። ስለዚህ ዛሬ ያገኘነው ቁራጭ የዛሬን ወሬ ይነግረናል።››

‹‹በኔም ደም ውስጥ? አሁን?›› አልኩ ሳላስበው።

‹‹በእርስዎም። አሁን፣ ቆመው ሳሉ። ሁሉም ቁራጭ ደግሞ የመጣበት ቤት ምልክት አለበት። የጉበቱ ይለያል፣ የሳንባው ይለያል። የዘበኞቹም ይለያል። ዘበኞቹ አብዛኛውን ጊዜ አጥንት መቅኒ ውስጥና እጢ ውስጥ ተሸሽገው ነው የሚሰለጥኑት፤ እዚያ ገብተን አናያቸውም። ሲበዙና ሲሞቱ ግን ቁራጫቸው ደም ውስጥ ይበዛል። በሽተኛው ሳያስለው፣ ሳያተኩሰው የትኛው ዘበኛ ከተኛበት እንደተነሳ በቁራጩ እናውቃለን።››

ሐጂ ቁራጭ ጨርቋን ከእጇ ወስደው በሁለት ጣታቸው ይዘው ቆዩ። ‹‹እና ልጄስ?››

‹‹የሰብሪያማ ከሁሉም የሚገርመው ነው። ኩላሊቱ የማን ነው?››

‹‹የኢርፋን።››

‹‹ኢርፋን ወንድ ነው። ከሱ ኩላሊት በሚወድቀው ቁራጭ መካከል በወንድ ብቻ የሚገኝ ምልክት ያለበት አለ። ሰብሪያ ሴት ናት። ከራሷ ሰውነት፣ ከፀጉሯ እስከ ጥፍሯ ብትፈልጉ ያ ምልክት የለም። ታዲያ በእሷ ደም ውስጥ የወንድ ቁራጭ ባገኝ ከየት መጣ ይላሉ?››

ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል፤ ታክሲዎቹ ጥሩንባ ይነፋሉ፤ ‹‹አስኮ! አስኮ!›› ይላል ረዳቱ። እኔ ግን እጄን እያየሁ ነበር፤ በብየዳ የተቃጠለ፣ ደም ሥሩ የተገተረ እጄን። በዚያ ሥር ውስጥ ከጉበቴ፣ ከልቤ፣ ከሳንባዬ የሚላክ ወሬ ሲያልፍ ኖሯል፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሲያልፍ፣ ማንም ሳያነበው። አምላክ ሰውን ሲሠራ ጥራጊውን እንኳ ዲዳ አላደረገውም።

‹‹ሱብሐነላህ›› አሉ ሐጂ በሹክሹክታ።

‹‹ጥቂት ቁራጭ ሁልጊዜም አይጠፋም›› አለች ዊዳድ። ‹‹ሲበዛ ግን ኩላሊቱ እየተቀደደ ነው ማለት ነው። ያን ደህና ነው ያሏችሁን ምርመራ አምላኩ መስፋት ሲያቆም፣ ደንበኛ ልብሱን አጥቶ ሲጮህ እንደመስማት ይቁጠሩት። ኩላሊት ቻይ ነው፤ ብዙ እስኪጎዳ ድረስ ሥራውን ይሠራል። ቁራጩ ግን መቀሱ ገና ሲነሳ ይወጣል። ዋሽቼ ማሳመን አልፈልግም፤ የቁራጩ ምርመራ ገና በጥናት ላይ ነው፤ በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ለብቻውም ሁሉን አይፈርድም። ግን ‹ግቡና እዩ› ብሎ በር ያንኳኳል።››

ሐጂ ቁራጯን መልሰው ጆንያው ውስጥ ከተቱ። ቀና ሲሉ ፊታቸው አርጅቶ ነበር። ‹‹ቢበዛስ? የበጣጠስኩት እኔ ነኝ ማለት ነው? በገዛ እጄ?››

‹‹ዛሬ ካወቅን እንደርስበታለን፣ ሐጂ። የሚያስፈራኝ አለማወቁ ነው።››

የጓዳው መጋረጃ ተነሳ። ሰብሪያ ነበረች፤ መርፌዋ ከነክሩ ደረቷ ላይ ተሰክቷል። ሁሉንም ሰምታለች።

‹‹አባዬ፣ እጄ ሲረጋልኝ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ‹እንመልሰው› ሳልልህ የቀረሁት ለዚያ ነው›› አለች። ‹‹የራሴ ብቻ ቢሆን አሁንም ዝም እል ይሆናል። ግን የኢርፋን ነው እኮ። አደራ ነው።››

‹‹ልጄ፣ ደሙ...››

‹‹ይቅዱኝ አባዬ። ደሜ ይተካል።›› ሻርፗን አስተካከለች። ‹‹ዊዱ፣ ያ የተሰበረ ጃንጥላሽ ለሁለት ይበቃል?››

‹‹ለአንድም አልበቃ። ነይ፣ አብረን እንበስብስ።››

ዊዳድ እዚያው ቆማ ለሐኪሟ ደውላ የሆነውን ሁሉ ነገረች፤ ከዚያ ሁለቱ በዝናብ ውስጥ ሮጠው ታክሲ ያዙ። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። ‹‹ይገዙ፣ ውጤቱ ሲመጣ አብረኸኝ ትሄዳለህ። አንተ ሐኪም አትፈራም። ሊያታልሉኝ ቢሞክሩ ትጮህልኛለህ።››

‹‹ለጩኸቱ አያስቡ›› አልኳቸው።

ሰብሪያ ያንኑ ዕለት ሆስፒታል አስተኟት። ውጤቱ የተሰማ ዕለት እኔና ሐጂ ደረስን፤ ኢርፋንም መኪናውን ለጓደኛው ሰጥቶ መጣ። ያንን የሆስፒታል ኮሪደር ከእናቴ ወዲህ አልረገጥኩትም ነበር። የግድግዳው ቀለም ተቀይሯል፤ ሽታው ያው ነው። ጥርሴን ነክሼ፣ ለመጮህ ተዘጋጅቼ ገባሁ።

ሐኪሟ ዶክተር ሌሊሴ ትባላለች። እንደገባን ከወንበሯ ተነስታ ሐጂን አስቀመጠች፤ ለእኔ ደግሞ ከጎረቤት ክፍል በርጩማ አስመጣችልኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደኛ አዞረችው። በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ አንድ መስመር ሥሩ ሥሩን ሲሄድ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ተራራ ይወጣል።

‹‹ይህ በሰብሪያ ደም ውስጥ የተገኘው የኢርፋን ቁራጭ ነው›› አለች። ‹‹እዚህ ድረስ ጥቂት ነበር። አሁን እንደምታዩት ነው። የተለመደው የኩላሊት ምርመራ ዛሬም ደህና ነው ይላል። ከኩላሊቱ በመርፌ ቅንጣት ወስደን አየነው። ሰውነቷ ኩላሊቱን ማጥቃት ጀምሯል።››

ሐጂ ዓይናቸውን ከመስመሩ አልነቀሉም። ጣታቸውን አንስተው ተራራው ሥር አሳረፉት። ‹‹ከዚህ ጋ ነው›› አሉ። ‹‹ኪኒኑን ያስቀረሁት ከዚህ ጋ ነው። በጋው ሲያልቅ።››

እኔ ብረት ስበይድ ብዙ ብርሃን አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ብርሃን ግን አላየሁም። አባት በጓዳው፣ ለማንም ሳይናገር፣ በፍቅር የሠራው ስህተት ከአንዲት የደም ጠብታ ተነቦ፣ ከነቦታው መስኮት ላይ ቆሟል። ለሰው ልጅ እንዲህ ያለ ጥበብ መሰጠቱን ሳስብ ገላዬ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ።

ጭንቀቱን የሰበረው ኢርፋን ነው። ‹‹ቆይ ዶክተር፣ እኔ ሳንሱሲ መኪና ስነዳ ቁራጬ እህቴ ውስጥ በነፃ ይሳፈራል ማለት ነው? ረዳቱም ‹ወንድሜ ሒሳብ› አይለው?››

‹‹አሁንማ ተሳፋሪው በዛ›› አለች ዶክተር ሌሊሴ። ‹‹ማውረድ አለብን።››

ሐጂ ግን አልሳቁም። የኢርፋንን ጎን፣ የጠባሳውን ቦታ ከሸሚዙ በላይ በመዳፋቸው ያዙት። ‹‹አንተን ቀደድኩህ ልጄ›› አሉት።

‹‹ምን ቀደዱኝ አባዬ? ገና ጠርዙ ነው። ይሰፋል›› አላቸው።

ዶክተር ሌሊሴ ወንበሯን አስጠጋች። ‹‹ሐጂ፣ በጊዜ ደርሰንበታል። አሁን በደም ሥሯ መድኃኒት እንሰጣታለን፤ ኪኒኑን እንመልሳለን። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት። እጇ እንደሚንቀጠቀጥ ለምን አልነገራችሁንም? የታወቀ ነገር ነው፤ መጠኑን አስተካክለን፣ ዓይነቱንም ቀይረን ልናቀልለው እንችል ነበር።››

‹‹መቼ ጠየቃችሁን?›› አሉ ሐጂ። ‹‹‹ኪኒኑን ትውጣለች ወይ› ትላላችሁ። ‹ኪኒኑ ምን አደረጋት› ብሎ የጠየቀን የለም።››

ይኼኔ ነው የምጮኸው ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ዶክተር ሌሊሴ ቀደመችኝ።

‹‹እውነትዎን ነው። አልጠየቅንም። መጠየቅ ነበረብን›› አለች።

ጩኸቴ እዚያው ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረ። አሁንም እዚያው ያለ ይመስለኛል፤ ለሌላ ጊዜ ይጠቅመኝ ይሆናል።

ሰብሪያ ሕክምናውን ጨርሳ ወጣች። ደሟ በተቀዳ ቁጥር ሐጂ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ‹‹የወንዱ ቁራጭ እንዴት ነው?›› ተራራው እየወረደ ሄደ፤ ወርዶም ሥሩ ላይ ተኛ። ሐጂም እንደምታውቋቸው ናቸው፤ ያመኑበትን በልባቸው ይዘው መቀመጥ አይችሉም። ዛሬ በዚያ ሱቅ ፍራሽ ሊገዛ የገባ ሰው ስለ ዲ ኤን ኤ ሳይሰማ አይወጣም። መድኃኒቴን አቋረጥኩ የሚል ሰው ከሰሙማ ቤቱ ድረስ ይሄዱበታል።

እንግዲህ ምክሬን ልናገር፤ ሳይከፈለኝ የምመክረው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አባቶችና እናቶች፣ ሐኪም ያዘዘው ኪኒን ቢያንቀጠቅጥ፣ ቢያስታውክ፣ እንቅልፍ ቢነሳ ተናገሩ፤ በጓዳ አታስቀሩት። ማርና ጥቁር አዝሙድ የወደዱትን ሰው መንከባከቢያ ነው፤ የተተከለ አካል ላለው ሰው ግን ‹ማጠንከሪያ› ብላችሁ ከማጉረሳችሁ በፊት ጠይቁ፤ ጠላት አድርጋችሁ የምታጠነክሩት የገዛ ዘበኛውን ሊሆን ይችላል። ፊት ፈካ ብላችሁ ደህና ነው አትበሉ። በሽታ ፊት ላይ ሳይወጣ ደም ውስጥ ይናገራል፤ ዛሬ ደግሞ የሚያዳምጠው ተገኝቷል። ደም መስጠት አቅም ማጣት መስሎ ለሚታያችሁም፣ ያቺ ጥቂት ደም የአንድ ወንድም ስጦታ ከመበላሸት እንዳዳነች በዓይኔ አይቻለሁ። የተማራችሁም ስሙ። ብትነግሩን ይገባናል። ፍራሽ ሠሪው ገብቶታል፣ ሚኒስትሪ የወደቀው በያጅም ገብቶታል። የሚያስፈልገው እንደ ዊዳድ ጆንያ ላይ ቁጭ ማለት ነው።

አንዳንድ ቀን ሥራ ስፈታ እናቴ ትዝ ትለኛለች። ያን ጊዜ እሷ አልጋው ላይ ዝም ብላ ስትተኛ ደሟ ግን ሲናገር ነበር ማለት ነው። እኔ አላውቅም፤ ያ ወጣት ሐኪምም ቆሞ አላዳመጠም። ይህን ይቅር አልልም። ለሰብሪያ ግን ተደምጧል፤ ይህም ለእናቴ የተደረገላት ያህል ተሰምቶኛል።

ባለፈው ሳምንት የሐጂን በር ማጠፊያ ዘይት ልቀባ ሄጄ ነበር። ሰብሪያ ከሱቁ በር ላይ፣ ብርሃን ፈልጋ ተቀምጣ ክር ታስገባለች። መድኃኒቷ ተስተካክሎላት የድሮውን ያህል ባይሆንም እጇ ዛሬም ይንቀጠቀጣል። ክሩ የመርፌውን ቀዳዳ ነካ፤ ሳተ። ጫፉን በምላሷ አርጥባ እንደገና ሞከረች፤ ሳተ። መርፌውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

ሐጂ ክንዴን ያዙኝ። ድሮ ይህን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። አሁን አላዞሩም፤ የልጃቸውን ጣቶች እንደ ጸሎት መጽሐፍ ትኩር ብለው ያያሉ።

‹‹ተዋት ይገዙ›› አሉኝ። ‹‹ይንቀጥቀጥ። ኢርፋን በሰላም ተቀምጧል ማለት ነው።››

ክሩ ገባ።